የትናየት ክንድና የመስኖው መቆጣጠሪያ

የትናየት፣

ከሆስፒታል ስትመለሺ እኔ የለሁም። ጀሪካኖቹን ሁሉ ሞልቻቸዋለሁ፤ በዚያ ክንድሽ ምንም እንዳታነሺ። ሞጣ ላሉት እናትሽ ደውያለሁ፣ ነገ እዚህ ቢቸና ይገባሉ።

ችግኝ ጣቢያው ላይ የገጠምሽው መቆጣጠሪያ አልተነካም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ውሃውን ራሱ ከፍቶ ይረጫል።

ግን ፓምፑ ጅረቱን ሙሉ ወደ ታንከሩ እየሳበው፣ ከታች ያለው የእናቴ ሽንኩርት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲደርቅ አየሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ፓምፑ እንዲያርፍ አድርጊው ብዬ ለመንኩሽ።

"እናትሽ እንደ ድሮው ዝናብ ትጠብቅ" ብለሽ ሳቅሽ።

የቧንቧ መፍቻውን ያነሳሁት የመቆጣጠሪያውን ሣጥን ልሰብረው ነበር። አንቺ ክንድሽን ጋረድሽበት። የመጀመሪያው ምት ስቼ ነው ያረፈብሽ።

ሁለተኛውን ግን አንቺኑ ብዬ መታሁሽ። አጥንትሽ ሲሰበር ሰማሁት፤ ለዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ።

ለነርሷ "ከታንከር ላይ ወደቀች" ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺም ዝም አልሽ። ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም።

አሁን ወደ ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ ነው። መጥተው ሲጠይቁሽ ወደቅሁ እንዳትዪ።

ሁለት ጊዜ መታችኝ በዪ።

ትርሲት