ግድግዳው ነገረኝ ያልሽ ቀን

ሸዋሮቢት፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ራሕማ፣

ባለፈው ቅዳሜ ካራቆሬ፣ አክስትሽ ግቢ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ወረፋ ይዞ፣ ተራው ሲደርስ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የወጣው ሸበቶ ሰውዬ እኔ መምህር ብሥራት ነኝ። እንዳወቅሽኝ አይቻለሁ። ያን ቀን አፌ ስለተያዘ ይኸው በጽሑፍ መጣሁ።

ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምራችሁ የነበረኝን ሥርዓት አትረሺውም። እኔ አነባለሁ፣ እናንተ በአንድ ድምፅ ትደግማላችሁ፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እናንተ ትገለብጣላችሁ። ከስንፍና አልነበረም፣ አምንበት ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ «እውቀት ከየት ይመጣል?» የሚል ትምህርት ወስጃለሁ። አንዱ ከዓይንና ከእጅ ይላል፣ ሌላው ከገዛ ራስ አእምሮ፣ ሌላው ደግሞ ሰው ለሰው ከሚያቀብለው። ፈተናውን ደህና አድርጌ ሠራሁ። ክፍል ስገባ ግን ይዤ የገባሁት የልጅነት አስተማሪዬን አንድ አባባል ብቻ ነው፤ «ልጅ ባዶ እንስራ ነው፤ ያልቀዳህበትን አይሰጥህም።» ተማሪ ተኮር የሚባለው ስልጠና ሲመጣም አግዳሚ ወንበሮቹን አዞርን እንጂ ትምህርቱን አላዞርንም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፊት ነው አንቺ እጅሽን ያወጣሽው። «ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል» እያልኩ አስደግማችሁ ነበር።

«ጋሼ፣ ጣርማ በር ላይስ?» አልሽኝ።

«የምን ጣርማ በር?»

«አባቴ ደጋው ላይ ማንጎ ሊሸጥ ሲወጣ አብሬው ሰነበትኩ። እዚህ ማሾ ቶሎ ይበስላል። እዚያ ግን ያው ማሾ፣ በዚያው ድስት፣ ውሃው እየተንተከተከ አልበስል ይላል። የዚያ አገር ፍል ውሃ እንደዚህኛው አያቃጥል ይሆን?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ከየት ሰማሽው ነው የምልሽ!»

«ወላሂ ማንም አልነገረኝም ጋሼ። አስቤው ነው።»

ራሕማ፣ ልክ ነበርሽ። ከፍታ ላይ ውሃ ከመቶ በታች እንደሚፈላ አውቃለሁ፤ እናንተን ግን አላስተማርኳችሁም። ያልቀዳሁበት እንስራ ሞልቶ ሲፈስ አየሁና ፈራሁ። ፍርሃቴን ቁጣ አስመስዬ፣ የነገረሽን ሰው እስክትናገሪ ድረስ ከሰኞ ጀምሮ ፊትሽን ወደ ኋላው ግድግዳ አዙረሽ እንድትቆሚ ፈረድኩብሽ።

ሰኞ ቆምሽ። ማክሰኞም ቆምሽ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንቋቋው፣ ልጆቹ ሲገለብጡ፣ ጆሮሽን ጭቃው ላይ ለጥፈሽ አየሁሽ። «ጋሼ፣ ግድግዳው ውስጥ ድምፅ አለ» አልሽ። ልጆቹ ሳቁ።

ረቡዕ ግን «ግድግዳው ሐሙስን አያልፍም» ስትይ የሳቀ የለም። ወደ አንቺ መጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ያችኑ ጥያቄ ደገምኳት፤ «ማን ነገረሽ?» ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየሽኝና ቀስ ብለሽ፣

«ግድግዳው ነገረኝ» አልሽ።

ሦስት ቀን ሙሉ ስም ካላመጣሽ ብዬ አስጨነቅሁሽ፤ የደከማት ልጅ ያገኘችውን ስም ሰጠችኝ። ይህ የገባኝ ግን ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ክፍል ስገባ ሃምሳ ሁለቱም ልጆች ፊት ለፊት ተጠቅጥቀው ቆመዋል። ኋላ ያሉት አግዳሚዎች ባዶ ናቸው። አንቺ መሐል መንገዱ ላይ እጅሽን ዘርግተሻል።

«ወደ ቦታችሁ!» አልኩ። አንድም ልጅ አልተንቀሳቀሰም። ላሳፍራችሁ ብዬ ራሴ ሄጄ መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ ይነሱ!» ብለሽ ጮኽሽ። በአስተማሪ ላይ እንዴት ይጮኻል ብዬ ልመታሽ ተነሳሁ። አራት እርምጃ እንኳ አልሄድኩም። ከኋላዬ አንዳች ነገር እንደ ሰው ተነፈሰ፤ ከዚያ ግድግዳው ወረደ። አቧራው ሲገለጥ የተቀመጥኩበት አግዳሚ አልነበረም። ልጆቹ ግን ፍርስራሹን አላዩም። ሁሉም የሚያዩት አንቺን ነበር።

የሆነውን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ጓደኞችሽ አጠገብሽ መቀመጥ ተዉ። እናቶች አንቺን ሲያዩ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ይስቡ ጀመር። አንዳንዶቹ ደግሞ ተደብቀው እየመጡ የጠፋባቸውን ይጠይቁሽ ነበር። አባትሽ አቶ አደም ቢሮ ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ለመነኝ።

«መምህር፣ አንቱ የተማሩ ነዎት። ጅን አለባት እያሉብኝ ነው። እንደሱ አይደለም ብለው አንዲት ቃል ይናገሩላት።»

ነፍሴን ያዳነች ልጅ አባት ነው እንግዲህ። እኔ ግን ምን አልኩት? «ግድግዳው ነገረኝ ብላለች፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ባርኔጣውን ደፋና «አላህ ያውቃል» ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ካራቆሬ እህቱ ዘንድ ወስዶሽ ትምህርትሽ ቀረ።

በፈረሰው ቦታ ቆርቆሮ መታንበት፤ ማዕዘኑ ላይ የቆመውን የድንጋይ ዓምድ ደግሞ ቁም ሣጥን ሸፈነው። ሰባት ዓመት እንዲሁ ቆየ። ዘንድሮ መስከረም ክፍሉ በብሎኬት ሊሠራ ቁም ሣጥኑ ሲነሳ፣ ዓምዱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። የአንቺ ጽሕፈት ነው። በጉልበት ቁመት ላይ አጭር መስመር፣ «ሰኞ»። ጭን ላይ ሌላ፣ «ማክሰኞ»። ደረት ላይ «ረቡዕ»። በዓምዱና በጭቃው መካከል የተከፈተው ስንጥቅ በየቀኑ የት እንደደረሰ ትለኪ ነበር! ከሁሉም በላይ፣ የጣሪያው እንጨት ያረፈበት ትክክል፣ አራተኛ መስመር አለ፤ «ሐሙስ»። ሐሙስ ጠዋት ወደ ግድግዳው እንዳልቀረብሽ በዓይኔ አይቻለሁ። አስቀድመሽ ነው፣ አግዳሚ ላይ ወጥተሽ፣ የጻፍሽው። ግንበኛው የቀረውን ግድግዳ አንኳኳና «ምስጥ ጨርሶታል፤ ጆሮዎን ያስጠጉ» አለኝ። አስጠጋሁ። ጤፍ በወንፊት ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይህን ልነግርሽ ነበር ካራቆሬ የመጣሁት። ግቢው ግን በሴቶች ተሞልቶ አገኘሁት። በጅቡቲ የስደት መንገድ ልጅ የጠፋባት፣ ወንድሟ ከወጣ ድምፁን ያልሰማች፣ ሁሉም በጥላው ሥር ተደርድረዋል። ዳር ሆኜ ሰማሁሽ። «ሲወጣ ከማን ጋር ነበር? መጨረሻ የደወለው በማን ስልክ ነው? ከበስተኋላው ምን ይሰማ ነበር?» እያልሽ አንድ በአንድ ትጠይቂያለሽ። ታገናኚያለሽ። ከዚያ ተነስተሽ ጆሮሽን ግድግዳው ላይ ትለጥፊያለሽ፤ ግቢው ሁሉ መተንፈሱን ያቆማል። «አፋር፣ ሎጊያ ጠይቂ፤ ሰው መኪና ላይ ከሚጭኑት ዘንድ» ትያለሽ። ግድግዳው ካልነገረሽ እንደማያምኑሽ ገባኝ። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ተራዬ ደርሶ ፊትሽ ስቆም መናገር ያቃተኝ ለዚህ ነው።

እሁድ ወላጆችን ትምህርት ቤት ሰብስቤ ሁሉንም ተናዘዝኩ። «ግድግዳ አልነገራትም። ዓይን ነበራት፣ ጆሮ ነበራት፣ ለካች። ውሸታሙ እኔ ነኝ» አልኳቸው። በመጨረሻ እማማ አበራሽ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ ብድግ አሉ።

«እሱስ ይሁን መምህር። የኔስ? ካራቆሬ ሄጄ ገና ከበር ስገባ፣ ስሜን እንኳ ሳልነግራት፣ 'እማማ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ፤ ልጅዎ ዐርፏል' አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሬሳው መጣ። ይህንንስ በምን ለካችው?»

«አላውቅም» አልኳቸው። ንፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዞሮ ግድግዳውን አየ። እኔም አየሁ። ምናልባት ፊታቸውን አይተሽ ይሆናል፤ ምናልባት ወሬው ቀድሞ ደርሶሽ ነበር። አላውቅም ራሕማ። በሰው ፊት «አላውቅም» ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ልጆቹን አንድ በአንድ አዲሱ ግድግዳ ጋ አስጠጋኋቸውና ምን እንደሚሰሙ ጠየቅኋቸው። ብሎኬት ነው፤ ምስጥ አይበላውም። አንዱ መኪና አለ፣ አንዱ ውሃ አለ፣ አንዷ ሰው ሲቆጥር ይሰማኛል አለች። አላረምኳቸውም። «እንዴት እናጣራው?» ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ አንዷ ተነስታ እርሳስ አመጣች።

አንድ የቀረኝ ኑዛዜ አለ። አባትሽ ያኔ የትምህርት ቤት መሸኛ ወረቀት ሲጠይቅ «ዓመቱን አልጨረሰችም» ብዬ ያስከለከልኩት እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ያልገባሽው በድህነት አልነበረም። አሁን መሸኛውን ርዕሰ መምህሩ ፈርመውበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ፤ ካራቆሬ ያለው ትምህርት ቤት እንደሚቀበልሽም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። «የተማሪዋ ጠባይ» በሚለው ቦታ ሁልጊዜ «መልካም» ብቻ እንጽፋለን። የአንቺን ግን ሦስት ቀን ሳስብበት ቆይቼ «ያልነገርናትን ታውቃለች» ብዬ ጻፍኩ።

ርዕሰ መምህሩ አንብበው ቀና አሉና «ይህ ምስጋና ነው ወይስ ክስ?» አሉኝ።

«እሷ ታንብበው» አልኳቸው፤ ማኅተሙንም መቱበት።

ይቅርታሽን ሳይሆን ትምህርትሽን የሚጠብቅ፣
ብሥራት