የበያጁ ቀኝ እጅ

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ታጠቀው ያሉህን ቀበቶ ትታጠቃለህ ወይስ እንደ ልማድህ አልጋ ስር ወርውረኸዋል? እማዬ እንዴት ናት፣ ዓይኗ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጠራላት? ባለቤትህ ደኅና ናት? ትልቋ ልጅህ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? ትንሹንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ዛሬ ግን ደኅና ነኝ ብዬ ብቻ የምዘጋው ደብዳቤ አይደለም። ተናድጃለሁ። የንዴቴ ግማሽ በአንተ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ስትደውል "እኅትህ ለዱርዬ መርፌ ታድላለች ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?" አልከኝ። ሳልመልስልህ ስልኩን ዘጋሁብህ። ታላቄ ነህና ስልክ ስለዘጋሁብህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ስለ ሥራዬ ግን አልጠይቅም።

ሥራዬ ይኸውልህ። ቤቱ ቀድሞ ፀጉር ቤት ነበር፤ መስተዋቶቹ አሁንም ግድግዳው ላይ ናቸው። ኃላፊያችን ሲስተሯ ናት፤ እኔ ቁስል አጥባለሁ። አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ይመጣሉ፤ ያገለገለውን መርፌ ቢጫው ሣጥን ውስጥ ጥለው ንጹሕ ይወስዳሉ። አንዱን መርፌ ለአምስት ሲዋዋሱ በሽታ ከአንዱ ደም ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ነው። ደማቸውን እንመረምራለን፤ መተው እፈልጋለሁ ያለንን ወደሚታከምበት እንልካለን። ዕፁ በዝቶበት ትንፋሹ ለሚቆም ሰው በአፍንጫ የሚረጭ ማንቂያ መድኃኒት እንሰጣለን፣ አጠቃቀሙንም እናሳያለን። በመጀመሪያው ወር እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው። ለሲስተሯ "ይሄ እኮ ማበረታታት ነው" ብላት፣ "መርፌው እኛ ሳንመጣም ነበረ፤ የቆሸሸ ነበር እንጂ" አለችና ጓንት አቀበለችኝ።

በያጁ ብለን የምንጠራው ሰው አለ። ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ነገር ተይዟል፤ ከዚያ በፊትና በየመሃሉም ብረት ሲበይድ የኖረ ነው። የበራችን ማጠፊያ ሲገነጠል ጠግኖ የመለሰልን እሱ ነው። ሲመጣ መስተዋቱ ፊት ይቆምና "ዛሬ ዙሪያውን ብቻ ከርክሚኝ" ይለኛል። ራሱ እኮ በራ ነው! ሰልፉ ሁሉ ይስቃል።

በጥር መጀመሪያ በአውቶቡስ መናኸሪያው መጸዳጃ ቤት አንዲት ወጣት ከንፈሯ ጠቁሮ ወድቃ ተገኘች። ጽዳት ሠራተኛዋ ስትጮኽ ሰው ግር ብሎ መጣ። አንዱ "ተዋት፣ የራሷ ጣጣ ነው" ይላል፣ ሌላው በስልኩ ይቀርጻል። በያጁ ሰውን እየገፋ ገባ፤ መድኃኒቱን ከኪሱ አውጥቶ በአፍንጫዋ ረጨላት፣ አምቡላንስ እስኪደርስም በአፉ ትንፋሽ ሰጣት። ልጅቷ ተነፈሰች። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ "እግዜር ይስጥህ" ያለው የለም። ይልቁንስ "አንተም ከነሱው ነህ" ብለው ኪሱን በረበሩት።

ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ቀኝ ክንዱ አብጦ፣ መግል ይዞ መጣ። አጠብኩለት። በማግስቱ ትኩሳት ነበረው፤ ቅላቱም ወደ ብብቱ እየወጣ ነበር። ከእኛ አቅም በላይ ሆነና ሲስተሯ ሪፈር ጻፈችለት። ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ሄደ። ካርድ ክፍል ወረቀቱ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ማኅተም መቱና ወንበር ላይ አስቀመጡት። ስድስት ሰዓት ሙሉ እዚያው ተቀመጠ። ከእሱ በኋላ ጥርሱን አሞት የመጣው ሁሉ ታክሞ ሄደ። በመጨረሻ ሐኪሙ ከበሩ ሳይወጣ ክንዱን አየት አደረገና "መጀመሪያ ሱስህን ተውና ና፤ እኛ እዚህ የምናክመው የታመመ ሰው ነው" አለው። የታመመ ሰው! ጥበቃው ደኅናውን ክንዱን ይዞ አስወጣው። ወንድም ጋሼ፣ አንተን ወገብህን ሲያምህ "መጀመሪያ ጆንያ መሸከም ተውና ና" ያለህ ሐኪም አለ?

በያጁ አፍሮ እኛም ጋ ሳይመጣ ቀረ። ሐሙስ ጠዋት በራችንን ልከፍት ስመጣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ መልካቸው ተለውጧል። "ትናንት ምነው ቀረህ?" ብዬ ስጠይቀው "መልሰሽ እዚያ እንዳትልኪኝ ፈርቼ" አለኝ። ታክሲ ይዘን በረርን። ጥበቃው "ይሄን ሰውዬ እናውቀዋለን" ብሎ መንገድ ሲዘጋብን "ካወቅከውማ እንደ ሰው በስሙ ጥራው!" ብዬ ጮኽኩበት። እኔ፣ እንግዳ ሲመጣ በር ጀርባ እደበቅ የነበርኩት እኅትህ፣ ምርመራ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ አልኩና "እሱ ሳይገባ ማንም አይገባም" አልኩ። ሰልፈኛው ሰደበኝ፤ አልተነሳሁም። ጫጫታውን ሰምታ አንዲት ቀዶ ሐኪም መጣች፤ አንዴ አየችውና "አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ክፍል" አለች።

ሕይወቱ ተረፈች። ክንዱን ግን ከክርኑ በታች ቆረጡት። የበያጅ ቀኝ እጅ! ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ "ማክሰኞ ባገኘው ኖሮ ከፍቼ አጥቤ እሸኘው ነበር" አለችኝ። 

አቤቱታ አስገባን። የሆስፒታሉ መልስ ሁለት መስመር ነበር፤ "ታካሚው ዘግይቶ በመምጣቱ" ይላል። ዘግይቶ! ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ብለው ማኅተም የመቱት እነሱው! ባለፈው ሰኞ ኮሚቴ ፊት ቀረብንና ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ "ወይዘሪት፣ ሐኪሞቻችን ላይ ያለውን የሥራ ጫና ብትረጂልን" አለኝ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አላየንም። በያጁ ባዶውን እጅጌ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ነበር። ተነስቶ "ማንንም ለማስቀጣት አልመጣሁም፤ እጄም አይመለስልኝም። እነዚህ ሴቶች ነገ ሌላ ሰው ይልካሉ። ያንን ሰው ወንበር ላይ አትርሱት" አለና ተቀመጠ። ቀልዱ እጁ ከተቆረጠ ወዲህ ጠፍቶበታል።

ሐኪሙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከእኛ ሪፈር ይዞ የመጣ ሁሉ በዕለቱ ይታይ የሚል ትእዛዝ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ተለጠፈ፤ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ትናንት እግሯ ያበጠ ሴት ልከን በሰዓቱ ታክማ ተመለሰች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሰው ታሞ ሲመጣ እንዲታይ ትእዛዝ ያስፈልጋል? ለትእዛዙስ ክንድ መቆረጥ ነበረበት?

ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት "ስምሽን አታስገቢ፤ የአባታችን ስም በሱሰኛ ጉዳይ አይነሳ" ብለህ በአክስታችን በኩል ልከህብኛል። አስገብቻለሁ። አቤቱታው ላይ የእኔን፣ የአባታችንን፣ የአያታችንንም ስም በጉልህ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። አባታችን በሕይወት ቢኖር አጠገቤ ወለሉ ላይ ይቀመጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። አንተ የምታምነውን ጻፍልኝ። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅህም ቁስል ታጥባለች በል፤ ውሸት የለበትም።

ባለቤትህን በብዙ ሰላምታ እጠይቃለሁ። ልጆችህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አክስታችንን መልእክቱ ደርሶኛል በልልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝና ይህን ደብዳቤ አንተው አንብብላት። አንድም መስመር እንዳትዘልባት፤ ስትዘል ድምፅህ እንደሚፈጥን ታውቃለች።

የምትወድህም የተቆጣችህም ታናሽ እኅትህ

ከቁስል ማጠቢያው ክፍል
የካቲት 17 ቀን