ድምፄ የቆመበት መስመር

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሀዊ፣

እንዴት ነሽ ሀዊዬ? የኩዌት ሙቀት ትንሽ በረደልሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬም እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሯል። ስንደዋወል አጠገቤ ስለምትቀመጥ ለጥያቄሽ መልስ መስጠት አልቻልኩም። ጎረቤታችን ኤቢሴ ነገ ወደዚያ ስለምትበር ይህንን ደብዳቤ በእጇ ልኬልሻለሁ።

የያደሳን ቀብር ቪዲዮ አይተሽ «ምን ሆነህ ነው ወረቀቱን ይዘህ ዝም ያልከው?» ብለሽኝ ነበር። የወንድማችንን የሕይወት ታሪክ አምስት መስመር እንዳነበብኩ ድምፄ ጠፋ። የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ደግፌ ከእጄ ተቀብለው ጨረሱት። ሰው ሁሉ «ልጅ ነው፣ ሕዝብ ፈርቶ ነው» አለ። እኔም አመንኩ። እማዬ ግን አርባው ላይም እኔው እንዳነበው ፈለገች።

ጭንቅ ቢለኝ የአማርኛ አስተማሪያችንን ቲቸር ራኬብን ጠየቅኳት። «ፍርሃት ቶሎ ይደክመዋል። ድምፅህ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግና እናያለን» አለችኝ። ነገሩ እንደ ፊዚክስ ሙከራ ሆነልኝ፤ ወደድኩት። መጀመሪያ ለጓደኛዬ ለብሩኬ ብቻ፣ ከዚያ ለአምስት ልጆች፣ ከዚያ ለክፍሉ በሙሉ ከጋዜጣ አነበብኩ። አንድ ቀን ሁለተኛው መስመር ላይ ስቆም ብሩኬ ከኋላ «ኔትወርክ ሄደ» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልፍ ፍርሃቱ ለቆኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ምልክቶቹ ሁልጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ላይ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ዜና አነበብኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ከዚያ የያደሳን ወረቀት አወጣሁ። ባዶ የመማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ብሩኬ ብቻ እየሰማኝ፣ ስድስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። ብሩኬን አስወጥቼ ለብቻዬ ሞከርኩት፤ እዚያው ቆምኩ። ሰሌዳ የሚፈራ ሰው አለ? መስመሩ «ከታናሽ ወንድሙ ጋር በፍቅር ይኖር ነበር» ይላል።

ሀዊዬ፣ ያደሳ ሲሞት አኩርፌው ነበር። ጃኬቱን ሳላስፈቅደው ለብሼ ቀደድኩበት፤ እሱም ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ጓደኞቼ ፊት ተቆጣኝ። አንድ ክፍል እያደርን አሥራ ዘጠኝ ቀን አላናገርኩትም። እሱ ግን «ደህና እደር» ማለቱን አልተወም። ዓርብ ድንገት አሞት ሆስፒታል ሲገባ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስደርስ አልፎ ነበር።

ያለፈው እሁድ፣ አርባው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተነሳሁ። ፍርሃቱ መጣ። እንደሚያልፍ ስለማውቅ ጠበቅኩት፤ አለፈ። ስድስተኛው መስመር ጋ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ «ታናሽ ወንድሙ አኩርፎት አሥራ ዘጠኝ ቀን አላናገረውም። ያደሳ ግን በየማታው ደህና እደር ይለው ነበር» አልኩ። ጋሽ ደግፌ «በቃ የኔ ልጅ፣ አምጣው» ብለው ተነሱ።

እማዬ «ተዉት ጋሽ ደግፌ፣ ይጨርስ» አለች።

ጨረስኩት። ድምፄ አልጠፋም። እማዬ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳችብኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ያደሳ ደውሎልሽ ብዙ አውርታችኋል። ስለ እኔ ያነሳው ነገር ነበር? ካላነሳም አላነሳም ብለሽ ጻፊልኝ። ደስ እንዲለኝ ብለሽ ምንም እንዳትጨምሪበት።

እግዚአብሔር በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ የአሠሪዎችሽንም ልብ ያራራልሽ። በደህና ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ወንድምሽ ገዳ