ብሊከም፦ መዝገበ ቃላት ያልገባችው የአቶ ኦስበርት ፔቺ ቃል

አቶ ኦስበርት ፔቺ ከአባታቸው ከአቶ ኤዝራ ፔቺና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታቢታ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1936 በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ ባሕር ዳርቻ በዊክማርሽ መንደር ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ በኮልቼስተር የመምህርነት ሙያ ከተማሩ በኋላ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመልሰው እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። በ1961 ከወይዘሮ ሜቪስ ጋር በጸሎት ቤታችን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሎርናንና ክሌመንትን አፍርተዋል።

ከልጆቻቸው ይልቅ ያንገበገበቻቸው ግን አንዲት ቃል ነበረች። ባሕሩ ሲሸሽ እርጥቡ ጭቃ ላይ የሚያብለጨልጨውን ብርሃን እናታቸው “ብሊከም” ይሉት ነበር። አቶ ኦስበርት ቃሏ ጥንት የባሕሩን ግድብ ሊሠሩ ከመጡ ሆላንዶች የቀረች ናት ብለው ያምኑ ነበር። መዝገበ ቃላት ውስጥ እንድትገባላቸው ቢጠይቁ አዘጋጆቹ፣ “ታትማ፣ ቀን ተጽፎባት እንያት፤ ከአፍ የተሰማ አይበቃም” አሏቸው።

በ1979 ትዕግሥታቸው አለቀና በጸሎት ቤቱ መጽሔት ራሳቸው ጽፈው አሳተሟት። የጎዳቸውም ይኸው ነው። “ከሳሹም እርስዎ፣ ምስክሩም እርስዎ?” ተባሉ። ከዚያ ወዲህ “እባካችሁ ጻፉልኝ” እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ደጅ ጠኑ። ሰው መጻፉንስ ይጽፋል፤ ግን ሁሉም “ኦስበርት እንደሚለው” ብሎ ይጀምራል! ዓሣ አጥማጁ አልፍ ኪብል “አንተ ሰውዬ፣ ጭቃውን ሳየው ነው አፌ ላይ የምትመጣው፤ ወረቀት ላይ ምን ጭቃ አለ?” ቢላቸው ክረምቱን ሙሉ አኮረፉት። ቤታቸው የመጣውን ሁሉ ጻፍልኝ እያሉ ሲያስጨንቁ፣ ወይዘሮ ሜቪስ “ኧረ ኦስ፣ እንግዳው ሻዩን ይጠጣ!” እያሉ ይገላግሉ ነበር።

ባለፈው ብርድ ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ገቡ። አንድ ማለዳ የመንደራችን ልጅ የሆነች ነርስ ወደ ባሕሩ የሚያሳየውን የመስኮት መጋረጃ ስትገልጥ፣ “አቶ ፔቺ፣ ይነሡ እንጂ! ብሊከሙ ዛሬ ዐይን ያጠፋል” አለቻቸው። ቃሏን ከአያቷ የወረሰቻት ናት፤ እርሳቸው አላስተማሯትም። ይደሰታሉ ሲባል ጮኹባት።

“ጻፊያት! ቀኑንም ጻፊ!”

“ምኑን ነው የምጽፈው? ሁሉ ሰው የሚያውቀውን?” ብላ ስቃ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ያን ቀን እንደ ተቆጡ ዋሉ። በማግስቱ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 2014 ዐረፉ። ቃሏም እስከ ዛሬ አልገባችም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ከአፍ የወጣውን ሁሉ የሚሰማ፣ ቀን የተጻፈበት ማስረጃ የማይጠይቅ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ለወይዘሮ ሜቪስም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።