ንጉሡ ሠ

ቦሌ፣ ግንቦት 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረትንሣኤ፦ ባለህበት ግንባር የእግዚአብሔር ጥላ አይለይህ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ባለቤቴ ሰይፉ ካራማራ ላይ እግሩን ካጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የጡረታ ማመልከቻው ግን ዘንድሮም ተመለሰ። ለምን መሰለህ? ስሙ መታወቂያው ላይ በእሳቱ ሰ፣ ጦሩ በሰጠው ወረቀት ላይ በንጉሡ ሠ ተጽፎ ተገኘ። «ይሄ የሁለት ሰው ስም ነው» አሉት።

እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «ንጉሡ ከወረዱ አሥር ዓመት ሊሞላ ነው፤ ፊደላቸው ግን ዛሬም ጉዳተኛ ያንገላታል! መንግሥት በጀት ይመድብና ለጦር ጉዳተኞች ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ወረቀታቸውን የሚያስተካክል ሠራተኛ ይቅጠር!» አልኩ።

ሊቀመንበሩ «ማን ልኮሽ ነው?» አለኝ።

«የሰይፉ እግር!» አልኩት። ሰዉ አጨበጨበ።

ስሜን መዘገበ። ይመዝግብ! «ንግሥቲ በንጉሡ ሥ ነው፣ እንዳትሳሳት» አልኩት። በሚቀጥለው ስብሰባም እደግመዋለሁ።

ከጥር ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰንም፤ መቼም ፖስታ ቤቱ ሰንፎ ነው። እናታችን ጉንጭህን ስማሃለች። አንተም በጦሩ መዝገብ ላይ ስምህ በየትኛው ሣ እንደተጻፈ አይተህ ላክልኝ። ጓደኛህ አይጻፍልህ፤ በራስህ እጅ ጻፈው።

እህትህ ንግሥቲ