አገር በሚያህል ፓርክ ውስጥ የኖሩት አጎቴ

አጎቴ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ የተከተላቸው አንድ ወንድማቸው ብቻ ነበር። እሱም አባቴ ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በ1968 ዓ.ም. በብሔራዊ ፓርኩ የጥበቃ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ፓርኩ አገር ያህላል። ከምሥራቁ በር እስከ ምዕራቡ ወንዝ በእግር አሥራ ስድስት ቀን ይፈጃል። አጎቴ ይህን መንገድ ስንቃቸውን ተሸክመው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሄዱት ነበር። የጎሽ መንጋ አልፎ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን ቆመው የጠበቁበት ጊዜ አለ። ጉማሬ ጀልባቸውን ገልብጦ ባልደረባቸውን ሲገድል፣ እሳቸው ሬሳውን ተሸክመው ሦስት ቀን ተጉዘዋል። ዳና አይተው የዝሆን ዕድሜ ስለሚናገሩ የሥራ ጓደኞቻቸው «ኮቴ» ይሏቸው ነበር። በመጀመሪያ ቆጠራቸው ዝሆኖቹ ከሁለት ሺህ ይበልጡ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ሰማንያ ሦስት ቀርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. የጤና ረዳት የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ የሚላቸው ዘመዶች አሉ። አጎቴ ግን መሸፋፈን አይወዱም ነበር። በ1985 ዓ.ም. በጋ፣ አሞራ ሲያንዣብብ አይተው ቢጠጉ፣ አንዲት ዝሆን ፊቷ በመጥረቢያ ተፈልጦ፣ ግልገሏ አጠገቧ ቆሞ አገኙ። የገዳዮቹን ዳና ተከትለው ሁለት ቀን ተጓዙ። ከነዝሆን ጥርሱ የያዙት ሰው አባቴ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ አላየሁህም በለኝ» አላቸው።

«አይቼሃለሁ» አሉት።

ፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩበት፤ አባቴ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። እናቴ በሕይወት ስላልነበረች፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አጎቴ መጥተው ወሰዱኝ። ወር በገባ ቁጥር አባቴን እንድጠይቅ እስር ቤቱ በር ድረስ ያደርሱኝና እሳቸው ከግንቡ ውጭ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አባቴ እንዲገቡ አንድም ቀን አልፈቀደም። በአራተኛው ዓመት እዚያው በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሴት አያቴም «አንዱን ቀበርኩ፣ ሌላውን አልወለድኩም» ብለው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው አጎቴን ደጃቸውን አላስረገጧቸውም። አጎቴ ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ ስለዚያ ቀንም ቤት ውስጥ ተንፍሰው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ተኙ። አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሳቸውን ሳስተካክል፣

«ቂም ይዘሽብኛል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንዳንድ ቀን» አልኳቸው።

«እኔም በራሴ ላይ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው፣ ከባለቤታቸውና ከሦስት ሴቶች ልጆቻቸው በሞት ተለዩ። በኑዛዜያቸው የጠየቁት ከአባቴ መቃብር ጎን እንዲያርፉ፣ እኔ ከፈቀድኩ ብቻ ነበር። ፈቅጃለሁ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር። እኛ ማስታረቅ ያቃተንን ሁለት ወንድማማቾች እሱ ያስታርቅልን።