ይነሳና ይጠፋል

ይድረስ ለማሙሽዬ፣ በአካል ርቀህ ከአፋችን ለማትጠፋው። እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ ጨጓራህ ተወህ? በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሥራ ሥራ ስትል ትውላለህ? ስልክህ ዝግ ነው ከምትለኝ ሴትዮ ጋር መጨቃጨቅ ቢሰለቸኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። እኔ እህትህ እንዳለሁ አለሁ ልበል።

የእማዬ ኩላሊት ብሶባታል። አሁን በማሽን ካልታጠበች ውላ አታድርም፣ ቀጠሮ ማለፍ የለባትም ተብለናል። ሆስፒታሉ ሩቅ፣ ሰዓቱ ገና ጎህ ሳይቀድ፤ በዚያ ሰዓት ሰፈራችን ታክሲ ዝር አይልም። ጎረቤት አንዴ አደረሰን፤ ሰው ግን የራሱ ሥራ አለው። ያለን የአባባ መኪና ነው፤ እሱ ደግሞ አመለኛ ሆነ። ቁልፉን ሳዞረው ይነሳል፤ እሰይ ብዬ ማርሽ ሳላስገባ ጭጭ ይላል። ይነሳል፣ ይጠፋል። እማዬ ከኋላ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ቀስ በይው ልጄ፣ አታጣድፊው ትለኛለች። ባለፈው የቀጠሮዋ ቀን ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ መሪውን በቡጢ መታሁት። ያን ቀን ቀጠሮው አለፈ፤ ትናንትም አለፈ። ፊቷ አብጧል፤ እግሯ ጫማ አልገባ ብሏል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ጨንቆኛል ማሙሽ፣ በጣም ጨንቆኛል።

የሰፈሩ መካኒክ የነዳጅ ፓምፕ ነው ብሎ ቀየረ፤ ያው ነው። ሌላው መጣና ፊልትሮ ነው አለ፣ ካንዴላም ለወጠ፤ ያው ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ የሁሉንም አመንኩ። በመጨረሻ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ኮምፒውተሩን ሰካና ቁልፉን አሳይኝ አለኝ። አይቶ ሳቀ፤ ልደበድበው ምንም አልቀረኝም። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ መኪናው ግን ይህን ቁልፍ አያውቀውም፣ ሌባ ነሽ ብሎ ነው የሚያጠፋብሽ አለኝ። በገዛ መኪናችን!

ጉዴን ስማ። የቁልፉ ላስቲክ እጀታ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ገበያ መግቢያ ያለው ቁልፍ ቀራጭ በልኩ አዲስ ሠራልኝ። ሲያብረቀርቅ ጊዜ አሮጌውን ከነእጀታው ወረወርኩት። ለካ መኪናው የሚያውቀው ብረቱን ሳይሆን እጀታው ውስጥ ያለችውን ምስር የምታህል የመለያ ቺፕ ኖሯል። ቆሻሻውን ሁሉ ገለባበጥኩ፤ ከየት ይምጣ። ከመኪናው ጋር የሚተዋወቅ ቁልፍ አሁን አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም አንተ ስትሄድ ኪስህ ውስጥ ረስተኸው የሄድከው ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጎረቤታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነቱን አራግፎ ወዲያው ይመለሳል። ቁልፉን ፈልገህ በእጁ ስጠው። በእናትህ ልልህ ብዬ እጄ አልጽፍ አለኝ፤ ነገሩ የእሷው ሆነና።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ያቺን ጥርሰ ወላቃ ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። አክስታችን ናፍቀኸኛል ትልሃለች፣ ከእማዬ አልጋ ሥር አልነሳ ብላለች። እማዬ ራሷ ቁልፉ አንተ ጋ መሆኑን ስነግራት ፊቷ በራ። ቤቱን የተወ ሰው ቁልፍ ይዞ አይሄድም፣ በሰው እንዳይልከው፣ ራሱ ያምጣው በይልኝ አለች። እሺ አልኳት። አንተ ግን አትስማት ወንድሜ። አንተ በኋላ ትመጣለህ፤ መጥተህ እንድታገኛት ቁልፉ ይቅደምህ።

እህትህ
ከቤታችን፣ ማክሰኞ ጥቅምት ፱ ቀን